ለቮልሷ ኤሲ እናስገጥምላት ወይስ ይቅርባት?

ሐምሌ 17 ቀን ከአዲስ አበባ ስንነሳ ካፖርት ለብሰን ነበር። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ አስፋልቱ ላይ ውኃ ተኝቷል። አባዬ መሪውን ይዟል፣ እማዬ ከጎኑ ናት፣ እኔና ወንድሜ ከኋላ ተጣጥፈናል። ጉዞው ወደ ቁልቢ ገብርኤል ነው። መኪናዋ አባዬ በ1961 ዓ.ም. የገዛት ነጭ ቮልስ ናት። አዳማ ላይ ካፖርቱን አወለቅን። መተሐራ ደርሰን የበሰቃ ሐይቅና ያ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲታየን ሹራቡም ወለቀ፤ የፊቱ መስኮቶች እስከ ታች ወረዱ። የኋላው መስኮት የማይከፈት ስለሆነ እኔና ወንድሜ የምንተነፍሰው ከፊት የተረፈውን አየር ነበር።

አዋሽ ሳንደርስ እማዬ ዝም አለች። እማዬ ዝም ካለች ነገር አለ ማለት ነው። «ጭንቅላቴን ይወቅረኛል፤ ያቅለሸልሸኛል» አለች በመጨረሻ። መኪናዋን ግራር ሥር አቁመን ነጠላዋን በውኃ ነክረን ግንባሯ ላይ አደረግን። 71 ዓመቷ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ተቀመጥን። አባዬ መኪናዋን እየዞረ ጎማ ይረግጣል። መደንገጡን የሚደብቅበት ዘዴው ነው።

በመልሱ ጉዞ ወንድሜ ነገሩን ቆረጠው። «ለዚች መኪና ኤሲ ይገጠምላታል፤ አለቀ!»

አባዬ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየውና፣ «ቮልስ ላይ ኤሲ? ፈረስ ላይ ፍሪጅ ጫኑ በለኛ!» አለ። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ድረስ የነበረውን ክርክር ላሳጥርልዎት፦ ማንም አላሸነፈም።

እርስዎም ቤት ይህ ክርክር ካልገባ ሊገባ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ጊቢ ውስጥ ያለችው ፔጆ 404፣ ፊያት 124፣ ላዳ ወይም ቮልስ እንደ ድሮው «ትሸጥና ሌላ ይገዛ» የምትባል መኪና አይደለችም። ትጠገናለች፤ ትታደሳለች፤ ለልጅ ትተላለፋለች። ሲያድሷት ደግሞ ጥያቄው ይመጣል። ቀለሙ ተቀባ፣ ወንበሩ ለበሰ፤ ኤሲስ?

ለእኔ ጥያቄው ከሙቀት በላይ ነበር። ቮልስ ለብዙዎቻችን የቤተሰብ አባል ናት። በኢትዮጵያ ታሪክም ውስጥ የራሷ ገጽ አላት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ መሆኑን ያልሰማ የለም። የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ስትወጣ በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተው ነበር። እንዲህ ያለችን መኪና ላሜራ መብሳት ቀላል አይደለም። የእናትን ጤና መድፈርም እንዲሁ። እኔም ሁለቱን ሳመዛዝን ነው ክረምቱን የጨረስኩት። ጋራዥ ለጋራዥ ዞርኩ፤ ያገኘሁትን ጠየቅሁ። እርስዎ ወደ ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት ቢያውቁት ይጠቅማል የምለውን እነሆ።

ፈረሶቹን እንቁጠር

ኤሲ ብርድ አይፈጥርም። ሙቀትን ከውስጥ ለቅሞ ውጭ የሚደፋ ዕቃ ነው። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ይጨምቃል፤ ኮንደንሰሩ ሙቀቱን ለውጭው አየር ያስረክባል፤ ከክሩስኮቱ ሥር ያለው ኢቫፖሬተር ደግሞ ቀዝቅዞ የመኪናውን አየር ያበርዳል። ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው በቺንጋ የተያያዘው ሞተር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዋጋው ስንት ነው?» መሆን የለበትም። «ሞተሩ የሚሰጠው ትርፍ ጉልበት አለው ወይ?» ብለው ይጀምሩ።

የእኛ ቮልስ 1300 ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ይህ ግን ባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ ስስ በመሆኑ ካርቡራተር ያለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ቀሪው 31 አካባቢ ነው። ሞተሩ ከስድሳ ዓመት ወዲህ ያረጀውን ሳንቆጥር ማለት ነው። አነስተኛ የመኪና ኤሲ በደንብ ሲሠራ 4 ወይም 5 የፈረስ ጉልበት ይወስዳል። ባለ 150 ፈረስ አዲስ መኪና ይህን አይሰማውም። ከ31 ላይ 5 ሲቀነስ ግን አራት ሰው ተጭኖ ዳገት ላይ ማርሽ መቀነስ የግድ ነው። የድሮዎቹ 1200 ቮልሶች የሚነሱት ከ34 ስለሆነ ነገሩ የባሰ ነው።

ሂሳቡ ግን ሌላም ገጽ አለው፤ እኔም ዘግይቶ ነው የታየኝ። ኤሲ የሚያስፈልገው ቆላ ነው፤ ቆላ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። መተሐራና አዋሽ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ ሞተሩ እዚያ የተሻለ ይተነፍሳል፤ መንገዱም ሜዳማ ነው። ችግሩ ሲመለሱ ነው። ከአዋሽ ወደ አዳማ፣ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ መንገዱ እየወጣ ይሄዳል፤ አየሩ ይሳሳል፤ ጭነቱ ያው ነው። እዚያ ላይ ኤሲውን ማጥፋት የማይችል ሹፌር ባያስገጥም ይሻለዋል። በነገራችን ላይ የመጀመሪያዎቹ የመኪና ኤሲዎች ማጥፊያ እንኳ አልነበራቸውም። የአሜሪካው ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴሉ ላይ ኤሲ ሲያቀርብ የማቀዝቀዣው ክፍል ከኋላ የዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ነበር። ማጥፋት የፈለገ ሰው መኪናውን አቁሞ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ቺንጋውን መፍታት ነበረበት። አባዬ ይህን ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

በነፋስ የምትቀዘቅዝ መኪና

ቮልስ ራዲያተር የላትም። ከኋላ ያለው ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። አንዲት ቺንጋ ዲናሞውን ታዞራለች፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ትልቅ ፋን አየር እየሳበ ሲሊንደሮቹ ላይ ይነፋል። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር የድሮ መካኒኮች ሁሉ የሚያውቁት በሽተኛ ነው። በድሮዎቹ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የአየር መንገዱ ላይ ስለተቀመጠ ለእሱ የሚደርሰው አየር ያነሰና የሞቀ ነው።

ኮንደንሰር የሚባለው ዕቃ ደግሞ ሙቀት ይተፋል። ፋኑ አየር የሚስብበት መግቢያ አጠገብ ከተገጠመ ሞተሩ የሚተነፍሰው የሞቀ አየር ይሆናል። ከመኪናዋ ሆድ ሥር ከተገጠመ ለድንጋይና ለጭቃ ይጋለጣል፤ የእኛን መንገድ ያውቁታል። ፊት ለፊት እንዳይደረግ ኮፈኑ ሥር ያሉት የነዳጅ ታንከርና ተቀያሪ ጎማ ናቸው። አይቻልም ማለቴ አይደለም። በአሜሪካ ሞቃታማ ግዛቶች ቮልስ ላይ ኤሲ መግጠም ያኔውኑ የተለመደ ነበር፤ ዛሬም የተዘጋጀ ዕቃ ይሸጣል። እዚያ ግን ሜዳው ረጅም፣ አስፋልቱ ለስላሳ ነው፤ ከፍታውም እንደ እኛ አይደለም።

መብራቱም አለ። በዕድሜ የቀደሙት ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ የእነሱ ነገር እዚህ ላይ ያበቃል ማለት ይቻላል። ባለ 12 ቮልቷም ብትሆን አሮጌው ዲናሞ ሞተሩ ዝግ ሲል ብዙ ኃይል አይሰጥም። ማታ፣ ዝናብ፣ ትራፊክ ጭንቅንቅ፣ መብራት በርቶ፣ የመስታወት መጥረጊያ እየሠራ፣ በዚያ ላይ የኤሲው ፋን ሲጨመር ባትሪው ያልቃል።

የእርስዎ መኪና ፔጆ፣ ፊያት፣ ላዳ ወይም ቶዮታ ዲኤክስ ከሆነች ነገሩ ይቀላል። ኮንደንሰሩ ራዲያተሩ ፊት ይቀመጣል፤ ኮምፕሬሰሩም ከሞተሩ ጎን ቦታ ያገኛል። የሚያስፈራው ራዲያተሩ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ የላላ፣ ውስጡ በዝገት የተሞላ ራዲያተር ላይ ኤሲ መጨመር ሞተር ማፍላት ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ መኪናዋን ቤተሰብ ጭነው በቀትር ዳገት ያስወጧት። ያለ ኤሲ የሙቀት መርፌው ከፍ ካለ ገንዘብዎን ለራዲያተሩ ያውሉት።

ጋሼ መካኒኩ

ነሐሴ ላይ ቮልሷን ወደ አንድ አንጋፋ መካኒክ ወሰድናት። ዕድሜያቸውን ከቮልስ ጋር የጨረሱ ሰው ናቸው። ወንድሜ ገና «ኤሲ» ሲል እጃቸውን አነሱና ጠየቁት።

«ሙቀቱ ማንን ነው ያስቸገረው?»

«እናታችንን።»

«የት ነው የሚቀመጡት?»

«ከፊት፣ በቀኝ።»

ጋሼ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ሞተሩን አስነስተው ጥቂት ካሠሩት በኋላ በቀኝ በር በኩል ጎንበስ ብለው እጃቸውን እናቴ እግሯን የምታሳርፍበት ቦታ ላይ አደረጉ። ከዚያ በግራ በኩል፣ በሹፌሩ እግር ሥር። ከዚያ እንደገና በቀኝ። «ና እጅህን አስገባ» አሉት ወንድሜን። በቀኝ በኩል ትኩስ አየር ይወጣል። በግራ ምንም የለም።

ምስጢሩ ይኸውልዎት። ቮልስ ራዲያተር ስለሌላት ለብርድ ቀን የሚሆን ሙቀት የምታገኘው ከጭስ ማውጫዋ ነው። በሞተሩ ግራና ቀኝ የጭስ ቧንቧውን የሚከብቡ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ፋኑ የሚነፋው አየር በእነሱ ውስጥ አልፎ ይሞቃል፤ ከበሮቹ ሥር ባሉት ቦዮች አድርጎ ወደ እግር ይመጣል። የቀኙ ለቀኝ፣ የግራው ለግራ። ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ ያለችው ማንሻ በሽቦ ገመድ የሁለቱንም መዝጊያ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። የእኛዋ የግራው ገመድ ይሠራል። የቀኙ ተበጥሶ መዝጊያው ግማሽ ተከፍቶ ዝጎ ቀርቷል።

«ይኼ ከተበጠሰ ቆይቷል» አሉ ጋሼ። አባዬን አየሁት። «በደርግ ጊዜ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዘጋሁት ስል ይዘጋል፤ ለእኔ ይዘጋል…»

ለእሱ ይዘጋል! እኛ ደግሞ ስንት ክረምት «ቮልስ እኮ ሙቀቷ ደስ ይላል» እያልን አመስግነናታል።

ጋሼ ግን አልጨረሱም ነበር። መኪናዋን አንስተው የቀኙን ሳጥን በባትሪ መብራት አዩት። የጭሱ ቧንቧ የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ጥቁር ጥላሸት አለ፤ መጋጠሚያው ተበልቷል። ይህ ማለት ወደ እግር ከሚመጣው አየር ጋር የተቃጠለ ነዳጅ ጭስ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፤ አይሸትም። ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያዞራል፤ ሲበዛ ይገድላል። እኔ ሐኪም ስላልሆንኩ እናቴን አዋሽ አካባቢ ያመማት ሙቀቱ ይሁን፣ መድኃኒቱ ይሁን፣ ጭሱ ይሁን አልፈርድም። አንድ ነገር ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ኤሲ የገጠመ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መስኮት መዝጋት ነው። ያንን ክረምት ወንድሜ ቢያሸንፍ ኖሮ እናታችንን ከዚያ ጭስ ጋር ዘግተንባት እንጓዝ ነበር።

ስለዚህ የትኛዋንም አሮጌ መኪና ቢሆን፣ ኤሲ ከማሰብዎ በፊት ጭስ ወደ ውስጥ እንደማይገባ ያስመርምሩ። የወለሉ ላሜራ የተበሳ፣ የኋላ በሩ ጎሚኒ ያረጀ፣ ማርሚታው የተቀደደ መኪና መስኮቱ ተከፍቶ ለዓመታት ሲሄድ ጉዳቱ ላይታወቅ ይችላል። ሲዘጋ ነው የሚብሰው። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ይህን ያየዋል ብለው አይተማመኑ፤ ለብቻው ይጠይቁ። ቮልስ ላይ ደግሞ ሞተሩ አጠገብ ያሉትን የነዳጅ ጎማ ቱቦዎች ያስቀይሩ፤ ደርቀው ሲሰነጠቁ ለእሳት መነሻ ይሆናሉ። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎሚኒም ተበጣጥሶ ከሆነ ከሥር ያለው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ፋኑ ይገባና ሞተሩን ያግላል። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ከኤሲ ዋጋ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም።

እማዬን ማንም አልጠየቃትም

ማታ ቤት ስንመለስ ለእማዬ ነገርናት። ቡና እየቆላች ነበር። አልተገረመችም።

«ቀኝ እግሬን ሁልጊዜ ይጠብሰኝ ነበር» አለች።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አላት ወንድሜ።

«መኪናው እንደዛ መስሎኛላ! ደግሞስ ማን ጠየቀኝ?» ምጣዱን አወዛወዘችው። «አባትህ ስለ መኪናው ሲያወራ መሃል ይገባል እንዴ?»

እኛ አንድ ክረምት ሙሉ ስለ ጥንታዊነትና ስለ ዘመናዊነት ስንጨቃጨቅ፣ በዚያች ወንበር ላይ ከአርባ ዓመት በላይ የተቀመጠችውን ሰው «ምን ይሰማሻል?» ያላት አልነበረም። በእርስዎም ቤት መኪናዋን የሚወድና መኪናዋ ውስጥ የሚቀመጥ ሁለት የተለያየ ሰው ሊሆን ይችላል። ሹፌሩ መስኮቱ በእጁ ነው፤ መንገዱን ያያል፤ ሐሳቡ ተይዟል። ከኋላ የተቀመጠው ሕፃን ወይም ከጎኑ ያሉት አሮጊት ሌላ ጉዞ ነው የሚጓዙት።

ሙቀቱን እንደ ቀላል አይዩት። ንፋስ የሚያቀዘቅዘን አየሩ ከቆዳችን ሙቀት በታች እስከሆነ ድረስ ነው። አየሩ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ በመስኮት የሚገባው ንፋስ እንደ ምድጃ ትንፋሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያድነን ላብ ብቻ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ቶሎ አይጠማቸውም፤ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ደግሞ ከሰውነት ውኃ ያስወጣሉ። ሕፃናትም ቶሎ ይግላሉ። ከጉዞ በፊት ሐኪማቸውን ማማከር ከኤሲም ይቀድማል። በጸሐይ ቆማ በተዘጋች መኪና ውስጥ ልጅን ወይም አረጋዊን ለደቂቃዎች እንኳ መተው ደግሞ ኤሲ ቢኖርም ባይኖርም አይታሰብም።

«ይገጠም» ለምትሉ

መኪናዋ የምትኖረው ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ከሆነ፣ ልጆችም በየቀኑ የሚሄዱባት ከሆነ የእኔ ምክር «አትግጠሙ» አይደለም። ዱባይ ወይም ቴክሳስ የምትኖሩና ለትዝታ ብላችሁ አሮጌ መኪና የገዛችሁ ወገኖችም እንዲሁ፤ እዚያ በጋ ላይ ያለ ኤሲ ቤተሰብ መጫን ጀብደኝነት ነው። ስትገጥሙ ግን እንዲህ አድርጉ።

ከሁሉም በላይ፣ ነገ ተፈትቶ መኪናዋ ወደ ነበረችበት እንዳትመለስ የሚያደርግ ሥራ አይሠራ። ኢቫፖሬተሩ ከክሩስኮቱ ሥር የሚንጠለጠል ዓይነት ይሁን፤ ክሩስኮቱ አይቆረጥ። የኮምፕሬሰሩ መያዣ ሞተሩ ላይ ባሉት ብሎኖች ይታሰር እንጂ አዲስ ቀዳዳ አይበሳ። የተፈታ ዕቃ ሁሉ፣ አንዲት ብሎን ብትሆን፣ በካርቶን ተደርጎ ለእርስዎ ይመለስ። «ይኼ ምን ይሠራልሃል?» ለሚልዎት ሠራተኛ መልስ መስጠት አይጠበቅብዎትም። የአሮጌ መኪና ዋጋ ግማሹ ያ ካርቶን ውስጥ ነው።

ከሌላ አሮጌ መኪና የተፈታ ኤሲ ሲያቀርቡልዎት የሚሠራበትን ጋዝ ይጠይቁ። እስከ እ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የመኪና ኤሲዎች የሚሠሩት አር 12 በሚባለው ጋዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት የኦዞንን ንጣፍ ለመጠበቅ ሲል ይህን ጋዝ ከገበያ እንዲወጣ አድርጓል። በምትኩ የመጣው አር 134ኤ የተለየ ዘይትና የተለየ ቱቦ ይፈልጋል። በምግብ ማብሰያ ቡታጋዝ እንሙላው የሚልዎት ካለ ከጋራዡ ይውጡ፤ የሚቀጣጠል ጋዝ ነው፤ ቧንቧው ቢፈስ የሚገባው እርስዎ ያሉበት ውስጥ ነው። ኮምፕሬሰሩ ትንሽና የቅርብ ጊዜ ሥሪት ይሁን፤ የድሮዎቹ ከባድ ናቸው፣ ሞተር ያንቀጠቅጣሉ። ለኤሲው የራሱ ፊውዝና ሪሌ ይደረግለት። ዲናሞው ይጠንክር። ሙሉ ዕቃው 30 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ፍሬኑንም ያስፈትሹ። ስምምነቱን በጽሑፍ ያድርጉት፤ ቀዝቃዛ አየር እስኪያገኙ ድረስም ሙሉውን አይክፈሉ።

እኛ አልገጠምንም። የቀኙ ገመድ ተቀየረ፤ መዝጊያው ተፈትቶ ተጠርቶ ገባ፤ ሁለቱም የሙቀት ሳጥኖች በደህና ተተኩ። ታፒሴሪያ ቤት ወስደን ምንጣፉን ስናስነሳ ከሥሩ ሙቀትና ድምፅ የሚከላከል ንጣፍ አስደረግን። የበሮቹ ጎሚኒ ሁሉ ተቀየረ። ለእማዬ በጸሐይ በኩል የሚጋርድ ነጭ መጋረጃ ሠራንላት። ከሁሉም ርካሹ ግን ሰዓቱን መቀየራችን ነበር፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከተነሳን መተሐራንና አዋሽን ከረፋዱ በፊት እናልፋቸዋለን።

ወንድሜ አሁንም አልተረታም። «አንድ ሐምሌ ከአዋሽ በኋላ ብልሽት ቢያቆመን፣ ሰዓቱ ስድስት ቢሆን?» ይላል። ትክክል ነው፤ መልስ የለኝም። የሚቀጥለው ጉዞ ላይ ቴርሞሜትር ይዘን እማዬ እግር ሥር ያለውን ሙቀት በየከተማው እንድንጽፍ ተስማምተናል። ቁጥሩ ከእማዬ ቃል ጋር አብሮ ይታይና እንደገና እንከራከራለን። እማዬም ከአሁን ወዲህ በክርክሩ ላይ ድምፅ አላት፤ እንዲያውም ሁለት ድምፅ ነው የሰጠናት።

ጳጉሜን ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባዬ መኪናዋ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። በእጁ ትንሽዬ ባለ 12 ቮልት ቬንትሌተር ይዟል። ክሩስኮቱን አልበሳም፤ መስታወቱን የያዘውን የድሮ ብሎን ፈትቶ በዚያው ላይ አስሮታል። አበራው። ወደ ራሱ ዞሮ ነበር። ጥቂት አየውና በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ቀኝ አዞረው።